ከግልቢያው በፊት ኮርቻው ይገለብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጥር ወር በወሎ ደጋ ስለተደረገው የፈረስ ግልቢያ ያወጣችሁትን ዜና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አራት የክብር እንግዶች ከነማዕረጋቸው ሰፍረዋል፤ የአንዱ ንግግር በትምህርተ ጥቅስ ገብቷል፤ ፈረሰኞቹም «ደማቅ ትርኢት» ማሳየታቸው ተገልጿል። የአንድ ፈረስ ስም ግን ብፈልግ አጣሁ። እኛ እኮ ንጉሥን እንኳ በፈረሱ ስም ስንጠራ የኖርን ሰዎች ነን፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የራሳችን ሚካኤል አባ ሻንቆ። አሁን ስለ ፈረስ ግልቢያ ዜና ሲጻፍ ፈረሱ ስም የለውም።

ደብዳቤውን የጻፍኩት ግን ስለ ስም ብዬ አይደለም። ስለ ጀርባ ነው።

በዕለቱ እኔም እዚያ ነበርኩ። ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ከደሴ የተነሣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር፣ አንዱ የመድኃኒት ቤት ባለቤት፣ አንዱ ደግሞ ዕድሜውን በጭነት መኪና መሪ ላይ የጨረሰና ከመካ ከተመለሰ ወዲህ ሁላችንም ሐጂ የምንለው ሰው ነው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐጂ ሌላ ሰው ሲነዳ ማየት አይችልም። የተከራየነውን ሚኒባስ የሚያሽከረክረውን ወጣት እስከ ጉጉፍቱ ድረስ «ማርሽ ቀንስ እንጂ ልጄ» እያለ መድረሻ አሳጣው። ልጁም ጨዋ ሆኖ «እሺ ሐጂ» ይላል፤ ማርሹን ግን አይቀንስም።

ስንደርስ ሜዳው ገና በአመዳይ ነጥቷል። የታጨደው የገብስ ቃርሚያ ከጫማችን ሥር እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሰዉ የሱፍ ባና እና ጋቢ ተከናንቦ፣ የፈረሶቹ እስትንፋስ እንደ ጢስ እየወጣ፣ አንዲት እናት በሸራ ጥላ ሥር ቡና ታፈላለች። እንደ አገራችን ወግ በጨው ነው ያቀረበችልን፣ ከትኩስ ጢቢኛ ጋር። የመድኃኒት ቤቱ ወዳጄ ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት ሊጀምር አፉን ሲከፍት ሐጂ «ዛሬን እንኳ ማረን» ብሎ ዘጋው። ይህን ጨው አስታውሱልኝ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ፈረሶቹ መጡ። ዳማው፣ ቦራው፣ አምባላዩ፣ ጉራቹ፤ የጌጥ ልብሳቸው፣ ግላሱ፣ ቀይና ወርቃማ፣ አንገታቸው ላይ ቃጭል። ከፈረሰኞቹ መካከል በባዶ እግራቸው የመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ፤ እንደ ድሮው አውራ ጣታቸውን ብቻ እርካቡ ውስጥ ሰክተው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ወጣቶቹ በጫማ ናቸው፤ እርካቡንም ለጫማው ሲሉ አስፍተውታል። በዚህ አልፈርድም፤ ብርዱን እኔም አይቼዋለሁ።

ግልቢያው ስምንት ስምንት እየሆኑ ነው። ከሜዳው ማዶ ብቻዋን የቆመች ባሕር ዛፍ አለች፤ እሷን ዞሮ ቀድሞ የተመለሰ ያሸንፋል። ፈረሶቹ በሶምሶማ ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ሰውየው ጨርቁን ወደ መሬት ሲጥል ሽምጥ ይለቀቃሉ። በቴሌቪዥን ያየ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ፈረሶቹ ሳይደርሱ መሬቱ መድረሱ ነው። መጀመሪያ የምትሰማው በእግርህ ጫማ ነው፤ ከዚያ በጉልበትህ፤ ጆሮህ ሲሰማ አልፈውሃል፤ የቃርሚያ ፍርፋሪ ፊትህ ላይ ይቀራል። መምህሩ ሃያ ዓመት ያላየሁበትን ዝላይ ዘለለ። አንዲት ሴት ወደ መሮጫው የገባ ሕፃን በነጠላው ጫፍ ጎትታ ስታወጣ የሁላችንም ልብ ቀጥ አለ፤ ተመልካቹን ከፈረሱ የሚለይ አንዲት ገመድ እንኳ አልተወጠረም ነበር። ይህም አንድ ጥፋት ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ስላየው ለከርሞ ይታረማል ብዬ ልለፈው። ሰው ሁሉ ያላየውን ልናገር።

አባቴ ኮርቻ ሠሪ ነበር። በልጅነቴ ቤታችን የሚሸተው እርጥብ ቆዳ ነው። ኮርቻ ማለት ሁለት ሳንቃ፣ አንድ የፊት ቀስት፣ አንድ የኋላ ቀስት ነው፤ በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። «ሥራው ያለው ባዶው ላይ ነው» ይለኝ ነበር አባቴ። የጀርባ አጥንቱ በዚያ ባዶ ውስጥ ሳይነካ መሄድ አለበት። በእንጨቱ ላይ እርጥብ ቆዳ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ጨምቆ ይይዘዋል። ከሥር እንጨቱ ጀርባውን እንዳይጎዳ ድብዳብ ይገባል። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ ሰውየውን ቀና ብሎ አያየውም፤ በቀጥታ ወደ ፈረሱ ሄዶ ጀርባውን በመዳፉ ይዳብሳል። ባለጠጋ አንድ ጊዜ ተቆጥቶት «የምከፍልህ እኔ ነኝ» ቢለው፣ «የሚሸከመው ግን እሱ ነው» አለው። ስለዚህ እኔ ፈረስ ሳይ ሰው ሁሉ ግላሱን ሲያደንቅ፣ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ግላሱ ጠርዝ ነው።

ከሦስተኛው ምድብ ውስጥ የነበረ አንድ ዳማ ፈረስ ግላሱ ጠርዝ ላይ ዝንብ ሰፍሮበት ነበር። የሌሎቹ ላይ የለም፤ የእሱ ላይ ብቻ፣ ከትከሻው በላይ በአንድ ቦታ። ጋላቢው ዐሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲወጣበት ፈረሱ ጀርባውን እንደ ገንዳ ወደ ታች አጎደጎደ። ቀረብ ብዬ «ልጄ፣ ኮርቻውን ገለብ አድርገህ ታሳየኛለህ?» አልኩት። «አባባ፣ ተራዬ ደርሷል» አለኝና በትሕትና አንገቱን ሰበር አድርጎ አለፈኝ።

በዚሁ መካከል በድምፅ ማጉያው ስለ አድዋ ይነገራል። የወሎ ፈረሰኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል መሪነት የሠራው ሥራ፣ የጀግንነታችን ምንጭ፣ ወዘተ። ሁሉም እውነት ነው። መምህሩ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ ምኒልክ በክተት አዋጁ የሸዋን ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲጠብቀው ማዘዙን አስታወሰኝ። ከዚህ ሜዳ ወረኢሉ ሩቅ አይደለም። ከወረኢሉ እስከ አድዋ ግን መንገዱን እናንተው አስቡት፤ ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ። ያን ሁሉ አገር የተሻገረ ፈረሰኛ ማታ ማታ ኮርቻ ገልቦ ጀርባ ሳያይ ተኝቷል ብሎ የሚያምን ካለ፣ ፈረስ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ዳማው ሁለተኛ ወጣ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ሐጂም «አየህ፣ ቢያመው ኖሮ እንዲህ ይሮጥ ነበር?» አለኝ። ፈረስ ጓደኞቹ ሲሮጡ ቁስሉን ይረሳል። የሚያስታውሰው ማታ፣ በረት ሲገባ ነው።

ልጁን ተከትለን ወደ ሜዳው ዳር ሄድን። ጠፍሩን ላላ አድርጎ ፈረሱን ጥቂት እንዳዞረው አይቼ፣ ያስተማረው ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ኮርቻውን አነሣ። ድብዳቡ ተጣብቆ ነበርና ሲላቀቅ ድምፅ አሰማ። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አሮጌ ጨርቅ ስቀድ በየቀኑ የምሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ገጣባው መዳፌን ያህላል፤ ዳር ዳሩ ጠቁሮ መካከሉ ገና ቀይ ነው፤ ከጎኑ ድሮ ድኖ ነጭ ጠጉር ያበቀለ ሌላ ጠባሳ አለ። ፈረሱ ቆዳውን እያርገፈገፈ ዝም ብሎ ቆሟል። ሐጂ ያን ጊዜ «ያ ረቢ» ብቻ ነው ያለው።

የመድኃኒት ቤቱ ወዳጄ በዕለቱ አንድ ነገር እንኳ በኪሱ አልያዘም። ሮጦ ሄዶ ከቡና አፍይዋ የፈላ ውኃና አንድ እፍኝ ጨው ይዞ ተመለሰ፤ ውኃው ለብ እስኪል ጠብቆ በመሐረቡ እየነከረ አጠበው። እኛም ያጠበው ሰውዬ ጠዋት ስለ ጨው ሊያስተምረን እንደነበር አንሥተን ሳቅን፤ መሳቅም ነበረብን።

ልጁን ክፉ አድርጋችሁ እንዳታዩት። ፈረሱን የሚወደው ከራሱ በላይ ነው፤ ይዞት የመጣውን በሶ ከፍሎ ሲያበላው አይቻለሁ። «ኮርቻው የአጎቴ ነው፤ ለበቅሎ የተሠራ ነው» አለኝ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዚያች በቅሎ ጀርባ ጠባብ ነበር፤ የዚህ ፈረስ ትከሻ ሰፊ ነው፤ ሳንቃዎቹ ከላይ ቆንጥጠው ይይዙታል። ግላሱ ግን አዲስ ነው፤ ለበዓሉ ተብሎ ተገዝቷል። ለሚታየው ገንዘብ ተገኘ፤ ለማይታየው ተውሶ። የፈረሱን ስም ጠየቅሁት፤ «አብሽር» አለኝ።

ለአንድ አስተባባሪ ሄጄ ነገርኩት። ሰውየው ደክሞታል፤ ድምፁ ሻክሯል፤ እኔም እንደ ነገር ፈላጊ ሽማግሌ ሳልታየው አልቀረሁም። «አባባ፣ ይህ ባህል ነው እንጂ የእንስሳት ክሊኒክ አይደለም» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጉግስ ነበር፤ አንዱ ሲሸሽ ሌላው በዘንግ ሲያባርር፣ ሸሺው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻ ሲመክት። ውብ ነበር ይላሉ። እኔ ግን አሳዳጁንም ተሳዳጁንም ትቼ ዝንብ ስቆጥር ነው ያመሸሁት።

የአስተባባሪውን መልስ ግን እስከ ዛሬ እያላመጥኩት ነው። ባህል ከሆነ ሙሉው ይምጣ። ጀርባ መዳበስ፣ ድብዳብ ማድረቅ፣ የተገጠበን ፈረስ ኮርቻ ሳይጭኑ መሳብ፣ ይህም ባህል ነው። «ፈረስ የጠፋበት ኮርቻ ገልቦ ያያል» እያልን በሞኝ ላይ ስንተርት ኖረናል። እኔ አሁን ከሞኙ ጋር ነኝ። እሱ ቢያንስ ገልቦ አይቷል።

የምጠይቀው ቀላል ነው። ፈረሶቹ ከመሰለፋቸው በፊት ኮርቻቸው ይውረድ። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያና አንድ ነገሩን የሚያውቅ ሽማግሌ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ እጃቸውን ያሳርፉ። የተገጠበው አይሩጥ፤ ባለቤቱም በሰው ፊት አይዋረድ፤ ዳር ላይ ቁስሉ ታጥቦለት ወደ ቤቱ ይሂድ። ለአሸናፊው ጋላቢ ዋንጫና ጋቢ እንደተሰጠ ሁሉ፣ ጀርባው ንጹሕ ሆኖ ለተገኘ ፈረስም አንድ ቁና ገብስ ይሰጥ፤ ባለቤቱ ለጠላ እንዳያውለው እዚያው ይብላው። ደንቡን ማን ያስከብራል ለሚል፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ይሰበሰባል። የእኛም ፈረሰኞች እንዲህ ያለ ማኅበር ቢኖራቸው፣ የመጀመሪያውን የደንብ አንቀጽ እኔ በነፃ አረቅቅላቸዋለሁ፤ አንድ መስመር ነው።

ጋዜጣችሁንም፣ ከርሞ ዘጋቢ ስትልኩ ከመድረኩ ወርዶ ወደ ፈረሶቹ ይሂድ። ስማቸውን ቢጠይቅ ባለቤቶቹ ይነግሩታል፤ እንዲያውም ዝም ማሰኘት ነው የሚከብደው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ስንለያይ ለልጁ የሱቄን አድራሻ ሰጥቼው፣ የአብሽርን ጀርባ በገመድ ለክቶ እንዲልክልኝ ነግሬው ነበር። ባለፈው ሰኞ ለገበያ በመጣ ሰው እጅ ደረሰኝ፤ ሁለት ገመድ ነው፣ አንዱ ለስፋቱ፣ አንዱ ለርዝመቱ፣ ቋጠሮው ጥብቅ ብሎ የታሰረ። አሁን ከስፌት መኪናዬ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። የአባቴ ወስፌ አለኝ፤ ቆዳውን እኔ እወጥረዋለሁ፤ ድብዳቡንም እሰፋዋለሁ። እንጨቱን የሚጠርብ ሰው ግን በደሴም በኮምቦልቻም ጠይቄ አላገኘሁም። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ኮርቻ ጠራቢ የሚያውቅ ካለ፣ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያሳውቀኝ ሒሳቡን አራታችን ተካፍለን እንከፍላለን። ሐጂ ድርሻውን አስቀድሞ ሰጥቶኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ልብስ ሰፊ፣ ከደሴ