ሙሉ ዕቃውን ከማስቀየርዎ በፊት ጎማውን ይዩልን

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
አዳማ

ጤና ይስጥልን። ወደ ሱቃችን ከሚመጡት ብዙዎቹ «ሽንት ቤቱ ያፈሳል፣ የሳጥኑን ሙሉ ዕቃ ስጡኝ» ይሉናል። ብንሸጥ እኛ አንጠላም። ነገር ግን ፈትተን ስናየው አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸችው አንዲት ጎማ ናት። ስለዚህ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ራስዎ የሚሠሩትን ልንጽፍልዎ ወደድን።

የውሃ ሳጥኑን ክዳን አንስተው ጨርቅ ላይ ያሳርፉት። ሸክላ ነው፤ ከተሰበረ የአሮጌ ሞዴል ክዳን ለብቻው ማግኘት ከባድ ነው። ውስጡ ውሃ የሚያስገባው ፍሎተርና ውሃውን ወደ መቀመጫው የሚለቀው መክፈቻ ከነጎማው ይታይዎታል። ክፍት ሆኖ የቆመው ቱቦ የትርፍ ውሃ መውጫ ነው። ውሃው ከዚህ ቱቦ አፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ መቆም አለበት።

በቱቦው አፍ እየገባ የሚፈስ ከሆነ ጥፋቱ የፍሎተሩ ነው። ኳስ ያለው ከሆነ ኳሱን ፈትተው ጆሮዎ አጠገብ ይወዝውዙት፤ ውስጡ ውሃ ከተንቦጫቦጨ ተበስቷልና ይቀየር። ኳሱ ደህና ከሆነ የነሐስ ዘንጉን በቀስታ ወደ ታች ማጉበጥ ይበቃል። የፕላስቲኩ ከፍታውን የሚያስተካክል ብሎን አለው፤ በካቻቢቴ ይዞራል። ደግሞም በከተማችን ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ በመስመሩ የተኛውን ዝቃጭ ጠራርጎ ያመጣና የፍሎተሩ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ይሰነቀራል። ውሃውን ዘግተው ጭንቅላቱን ይፍቱና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት። ብዙ ጊዜ ከዚህ ሌላ ሥራ አይፈልግም።

ውሃው ከቱቦው አፍ በታች ቆሞ እያለ መቀመጫው ውስጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የታችኛውን ጎማ ይጠርጥሩ። አንድ ኩባያ ወፍራም ሻይ፣ ስኳር የሌለበት፣ ሳጥኑ ውስጥ ጨምረው ግማሽ ሰዓት ውሃ ሳይለቁ ይጠብቁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውሃ ከቀላ ጎማው ያሳልፋል። ውሃውን ዘግተው ሳጥኑን ባዶ ካደረጉ በኋላ ጎማውን አውጥተው በአውራ ጣትዎ ይሹት። ጣትዎ ከጠቆረ ጎማው አልቋል፤ መገልበጥም ማጠብም አያድነውም። ካልጠቆረና ነጭ ቅርፊት ብቻ ከያዘ ኮምጣጤ ውስጥ አሳድረው ይጥረጉት። ጎማው የሚቀመጥበትን ጠርዝም በጨርቅ ያጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ከቀረች አዲስ ጎማም ያፈሳል። ሳጥኑ ውስጥ በረኪና የሚጨምሩ ደንበኞችም አሉን። በረኪና ጎማ ይበላል፤ መቀመጫውን ይጠቡበት እንጂ ሳጥኑ ውስጥ አይጨምሩት።

ትንሽ ነው ብለው አይተዉት። በደቂቃ ሩብ ሊትር፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል፣ የሚያፈስ ሽንት ቤት በቀን 360 ሊትር፣ በወር ወደ 11 ሜትር ኪዩብ ይጨርሳል። 1,000 ሊትር ሮቶ ሞልቶ ፈረቃ ለሚጠብቅ ቤት ይህ ማለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ባዶ ሮቶ ነው።

በአሮጌ ግቢዎች ከፍ ብሎ የተሰቀለውና በሰንሰለት የሚጎተተው የብረት ሳጥን ግን ሌላ ነው። ውስጡ ደወል የመሰለ ብረት አለ፤ ተነሥቶ ሲወድቅ ውሃውን ወደ መውረጃው ቱቦ ይገፋዋል፣ የቀረውን ቱቦው ራሱ ስቦ ይጨርሰዋል። ከታች የሚያልቅ ጎማ የለውም፤ ስለዚህ ቢያፈስ መጀመሪያ ፍሎተሩን ይዩ። እኛ ጠንካራ ዕቃ ነው፣ አይጣል ባዮች ነን። ብቻዎን ግን አያውርዱት፤ ከባድ ነው፣ የተሰቀለበትም ብረት ብዙ ጊዜ ዝጓል።

ሸክላው ከተሰነጠቀ፣ ወይም ሳጥኑንና መቀመጫውን የሚያያይዙት ብሎኖች ዝገው ከሥር ካፈሰሱ ይጥሩን። የውሃው መዝጊያ አልዞር ካለም በፒንሳ አይታገሉት፤ ከተሰበረ ቤቱ በውሃ ይሞላል።

ዕቃ ለመግዛት ሲመጡ አሮጌውን ጎማ በፌስታል ይዘው ይምጡ። የድሮዎቹ ሳጥኖች ቀዳዳ ስፋቱ የተለያየ ስለሆነ በስልክ በተላከልን ፎቶ ልክ አናወጣም።

ከአክብሮት ጋር
የቧንቧ ዕቃ መሸጫና ጥገና ቤታችሁ