ዝንጀሮው አልበዛም፣ ራበው እንጂ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ የጎፍ ተራራ ዝንጀሮዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ዓይኔ የተሳሳተ መስሎኝ ነው። አልተሳሳተም። «ቁጥራቸው ከመጠን በላይ በመብዛቱ ወደ ኮምቦልቻ እየወረዱ ነው» ይላል። መፍትሔ ተብሎ የተቀመጠውም «መቀነስ»፣ ማለትም መግደል ነው።

በመጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። እኔም «በመብዛቱ» ከምትለዋ ቃል ልጀምር። ማን ቆጠራቸው? መቼ? የት ቆሞ? ዘገባው ውስጥ አንድም ቆጣሪ የለም። ያለው ከአስፋልት ዳር የተነሳ ፎቶና «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ያሉ ሁለት የከተማ ሰዎች ቃል ነው። ከደኑ ጥግ የሚያርስ አንድ ሰው አልጠየቃችሁም። አንድ!

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የእናቴ ማሳ ግን የጎፍ ደን ሥር ነው። ያደግኩት ማማ ላይ ወንጭፍ ይዤ ዝንጀሮ ስጠብቅ ነው። ማሽላው እሸት የሚይዘው ትምህርት በተጀመረ ማግስት ነው። የስድስተኛ ክፍል ስም መጥሪያ ላይ ከስሜ ጎን የተደረደረው የቀሪ ምልክት እስከ ዛሬ ይታየኛል። አምና የደረሰብንን ጉዳት ጽፈን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ብናስገባ እስካሁን መልስ አላገኘንም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዝንጀሮ ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

አንዱን መንጋ ለይቼ አውቀዋለሁ። አውራው ግራ ጆሮው የተቀደደ ነው። ጠዋት ምንጭ ዳር ነው። ረፋዱ ላይ ወደ ደሴ የሚወጡ ሾፌሮች ዳቦ የሚወረውሩበት መታጠፊያ ላይ ይደርሳል። አመሻሽ ላይ እናቴ ማሳ ውስጥ ነው። እንግዲህ በአንድ ቀን ሦስት ሰው ሦስት መንጋ አየሁ ይላል። መንጋው ግን ያው አንድ ነው። ብዙ ቦታ መታየትና መብዛት እንዴት አንድ ይሆናል?

ለምን ይዞራል? ተራራው ላይ የሚበላ ስላነሰ ነዋ! የየጎፍ ነባር ዛፍ ጽድና ወይራ ነው። በሥሩና በዳርቻው ቀጋው፣ አጋሙ፣ እንጆሪው አለ። ዝንጀሮ ከዚህ ሁሉ ይለቅማል፤ ሣር ይግጣል፤ ሥር ይምሳል። ይህ ተመንጥሮ ባሕር ዛፍ በቆመበት ቦታ ግን ሣሩም እንደ ልብ አይበቅልም። ፎቶ ላይ አረንጓዴ ነው። ለዝንጀሮ ባዶ መሶብ ነው።

ለተማሪዎቼ ሁሌ የምነግራቸው ነገር አለ። አንድ ቦታ ስንት እንስሳ እንደሚችል የሚወስነው የጥጋቡ ወር አይደለም፤ ክፉው ወር ነው። ነሐሴ ላይ ተራራው ሁሉንም ይመግባል። ግንቦት ላይ ምንጩ ይቀጥናል፤ እዚያው ጠብታ ላይ የእኛም ጄሪካን ተሰልፏል። ምግብ ኖሮ ውኃ ከሌለ፣ ወይም ውኃ ኖሮ ምግብ ከሌለ፣ ቁጥሩን ለመገደብ የጎደለው አንዱ ይበቃል። የተራበች ዝንጀሮ ቶሎ አታረግዝም። ብትወልድም ወተቷ ያንሳል፤ ግልገሏም ይሞትባታል። እርግዝናዋ ስድስት ወር ያህል ነው፤ የምትወልደውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። እንደ አይጥ ባንድ ክረምት አትፈላም።

አምና ግንቦት፣ ከማሳችን በላይ ከሚያርሱ አባት ጋር ቆመን አንዲት አሮጊት ዝንጀሮ እናይ ነበር። ግልገሏን ጀርባዋ ላይ አዝላ የአህያ ፋንድያ ትበትናለች። ውስጡ ሳይፈጭ የቀረውን እህል በሁለት ጣቷ እየለቀመች ትበላለች። አባትዬው ዝም ብለው ቆዩና «አየህ አንተ ልጅ፣ የጠገበ ፋንድያ አይበትንም» አሉኝ። ጋዜጠኛችሁ ማግኘት የነበረበት እኚህን ሰው ነው።

ለእናንተም የሚሆን ነጥብ አለ፤ አልደብቀውም። ማሽላና በቆሎ የለመደ መንጋ የተሻለ ስለሚመገብ ግልገሎቹ ያድጋሉ፤ ቶሎ ቶሎም ይወልዳል። ስለዚህ ማሳችን እየቀለበው ከቀጠለ አንድ ቀን በእርግጥ ሊበዛ ይችላል። ታዲያ ይህ መግደልን ምን ይጠቅመዋል? አሥሩን ብትገድሉ ማሳው እዚያው ነው፤ የቀሩት የአሥሩን ድርሻ ይበላሉ፣ ይወልዳሉ።

መብዛት ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ፣ አላስካ አካባቢ ሴንት ማቲው የምትባል ደሴት አለች። እ.ኤ.አ. በ1944 ሬንዲር የሚባሉ 29 የበረዶ አገር አጋዘኖች ሰዎች አምጥተው ለቀቁባት። አዳኝ አውሬ አልነበረም፤ ግጦሹም ሞልቶ ነበር። በ1963 ወደ 6,000 ደረሱ። ግጦሹን ጨረሱት። ቀጥሎ የመጣው የበረዶ ወራት ከባድ ሆነባቸውና በ1966 ተቆጥረው የተገኙት 42 ብቻ ነበሩ። እነዚህን ቁጥሮች ዛሬ የምናውቃቸው ሰዎች ደሴቲቱ ድረስ ሄደው ስለቆጠሩ ነው። የእናንተ ጋዜጠኛ ከኮምቦልቻ አስፋልት እናቴ ማሳ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም ነበር።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። በዘገባው ምክንያት ጠመንጃ ይዞ የሚወጣ ሰው ቢኖር የምንጎዳው እኛም ነን። ከብቶቻችንና ልጆቻችን ያሉት እዚያው ደን ውስጥ ነው። የተሻለው ደግሞ ራሳችሁ ብትመጡ ነው። ቤታችን ቡና አይጠፋም። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምንጯ ጋ ድረሱ። ጆሮው የተቀደደውን እዚያ ታገኙታላችሁ። እስኪመሽ ተከተሉትና ቁጠሩት።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከኮምቦልቻ