የአባባ ነገር ቸግሮኝ ነው

አንቺ ልጅ፣ እንደምን አለሽልኝ? ቶሮንቶና ብርዱስ? ይኸው እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም። የለቅሶ መልእክትሽን አይቼ ሳልመልስ ቀረሁ። ያኔ ለማንም አልመለስኩም፣ ከዚያ ደግሞ በቆየ ቁጥር አፈርኩ። ይቅር በይኝ አቦ፣ ስትመጪ ትሰድቢኛለሽ። አሁን የጻፍኩልሽ ቸግሮኝ ነው።

የአባባ ሙት ዓመት ደርሷል። ወንድሜ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ "እስቲ እዪው" ብሎ ሰጠኝ። "ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ የ6 ልጆች አባትና የ11 የልጅ ልጆች አያት ነበሩ" ይላል። ውሸት የለበትም። ግን አባባም የለበትም። ስሙን ብትቀይሪው የሠፈሩን ሽማግሌ ሁሉ ይሆናል።

ባቡሩ እንኳ በአንድ መስመር ነው ያለፈው፦ "በምድር ባቡር በኮንትሮለርነት ለረጅም ዓመታት አገልግለዋል።" በቃ! ከጅቡቲ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹን እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግማቸው የነበረ ሰው! የልጅ ልጆቹ ከሀሁ በፊት ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ ማለት ነው የለመዱት። ትኬት መብሻዋን ጡረታ ሲወጣ ይዟት እንደቀረ ታውቂያለሽ። ልጆቹ የፈተና ወረቀት ይዘው ሲመጡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አገላብጦ ያያል። ካለፉ ጥጓን ቀጭ! ከወደቁ "ትኬት የለህም፣ ውረድ" ይላል፣ የኔው ትንሹ አንዴ ሒሳብ ወድቆ የምር ከሶፋው ወርዶ ሲያለቅስ አመሸ። አሁን መብሻዋን ማን ይውሰዳት በሚል ጠብ ላይ ናቸው።

ዋናው ጉዳይ ግን ይሄ አይደለም። እንዴት ብዬ ልጀምርልሽ... ስለ እናትሽ ነው።

እማማ ባለፈው ቡና ላይ አመለጣት። እናትሽ ከጅቡቲ ስትመጣ፣ ያው ይዛ የምትመጣውን ታውቂዋለሽ፣ ሽንሌ ጣቢያ ላይ የጉምሩክ ፊናንሶች ገብተው መፈተሽ ይጀምራሉ። አባባ፣ ያ ለገዛ ሚስቱ ትኬት ያስቆረጠ ሰው፣ ቦንዳውን ከእጇ ነጥቆ እሱ ክፍል አስገባና ጃኬቱን ጣል አድርጎበት ቁጭ አለበት! ኮፍያውን ደፍቶ ዳቦውን ይገምጣል። ፊናንሱ ሰላም ብሎት አለፈ። ድሬ ሲደርሱስ? የጓዝ ሒሳብ አስከፈላት። ደረሰኝ ቆርጦ!

እኔ ስስቅ እማማ አለቀሰች፣ ከዚያ ተቀያየርን።

ይሄ እንዲነበብ እፈልጋለሁ። ወንድሜ "ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮንትሮባንድ ይነበባል?" ብሎ ጮኸብኝ። የአባባ ስም ይጠፋል ብሎ ፈርቷል። እስቲ ድሬ ተወልዶ በዚያ ንግድ ያልለበሰ፣ ያልተማረ ካለ እጁን ያውጣ! ግን ምስጢሩ የእናትሽም ነው፣ ሳላስፈቅዳት ማውጣት ከበደኝ። ስሟን አልጽፍም፣ "አንዲት ጎረቤታቸው" እላለሁ፣ ከዚራ ሠፈር ውስጥ ማን እንደሆነች የማያውቅ እንደማይኖር ግን አንቺም እኔም እናውቃለን።

ለመሆኑ ታውቂው ነበር? አውቀሽ ዝም ብለሽኝ ከሆነ ወየውልሽ።

እስከ ቅዳሜ ለማተሚያ ቤት መስጠት አለብኝ። ጠይቂያትና ንገሪኝ፣ ወይ ራሷ በድምፅ ትላክልኝ። የጓዙን ስንት እንዳስከፈላት ደግሞ ሳትጠይቂያት እንዳትቀሪ። እማማ 5 ብር ነው ትላለች፣ እኔ አባባን ስለማውቀው ከዚያ ይበልጣል ባይ ነኝ።