ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ዲፓርትመንት ምርጫ

የካቲት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ባላችሁበት

የተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ትምህርት በመልካም ሁኔታ ቀጥሏል፤ የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት እንደ ቀድሞው ከጠዋቱ 2፡30 ይጀምራል፤ የሞዴል ፈተናው ፕሮግራም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን በሌላ ጉዳይ ነው።

ተማሪዎቻችን የሙከራ ምርጫ ቅጽ ከሞሉ ወዲህ አሥራ አንድ ወላጆች ቢሮዬ መጥተዋል። ቅሬታው አንድ ነው። ቤት ውስጥ ተመካክረን የጨረስነውን ምርጫ አማካሪ መምህሩ አፈረሰብን፤ ልጃችን ስም ያለውን ዩኒቨርሲቲ ትቶ "የምወደው ዲፓርትመንት" እያለ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው የሚል። አንድ አባት የክፍያ ደረሰኛቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው "የምከፍለው እንድታስተምሩልኝ ነው እንጂ እንድታሸፍቱብኝ አይደለም" አሉኝ። አክብሬ ሸኘኋቸው። ቃላቸው ግን እስካሁን አልወጣልኝም፤ ስለዚህ ለሁላችሁም አንድ ጊዜ በጽሑፍ መመለስን መረጥኩ።

አማካሪው ለልጆቹ ሲናገር እኔም የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ከአዲስ አበባ ውጡ አላለም። ያለው፣ ዩኒቨርሲቲ መግባትና ዲፓርትመንት ማግኘት ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ናቸው ነው። ይህ ደግሞ እውነት ነው። የመጀመሪያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አምና አገር አቀፉን ፈተና ወስደው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ በኋላ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። እዚሁ ጎረቤታችን ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂም፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ያለፈ ልጅ ቤተሰቡ ደግሶለት ይገባል። ሁለተኛው ውድድር የሚጀምረው ከዚያ ነው። በመጀመሪያው ዓመት (ፍሬሽማን) የጋራ ትምህርት ይማርና ዲፓርትመንት የሚደርሰው በውጤቱና ባለው ቦታ ልክ ነው።

"ጎበዝ ከሆነ የፈለገውን ያገኛል" ትሉኛላችሁ። ልጃችሁ ጎበዝ ነው፤ እኔም እመሰክራለሁ። ነገር ግን እዚያ አብረውት የሚቀመጡት ሁሉ ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛና ሁለተኛ ሆነው የመጡ ናቸው። ሶፍትዌር ምህንድስና የሚፈልገው ብዙ፣ ቦታው ጥቂት ነው። እኛ ዘንድ አንደኛ የነበረ ልጅ እዚያ መካከለኛ ቢሆን አይደንቅም። መካከለኛ ከሆነ ደግሞ የሚማረው የተረፈውን ነው። ልጆቹ ይህን አውቀው ይምረጡ አልን እንጂ ሌላ ምንም አላልንም።

"ሥራ የሚያስገኘው የግቢው ስም ነው" የምትሉም አላችሁ። ስም ዋጋ የለውም አልልም። የተሻለ ቤተ ሙከራ፣ የተሻለ መምህር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎበዝ ጓደኛ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪ አይዝም። ፈተናው በዲፓርትመንት ነው፤ ለአንድ ዲፓርትመንት በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ፈተና ነው የሚቀርበው፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። የሥራ ማስታወቂያ ስታነቡ ደግሞ ቀድሞ የተጻፈውን እዩ፤ የትምህርት ዓይነት ነው። ምህንድስና ከፍሬሽማን ጋር አምስት ዓመት ይፈጃል። አምስት ዓመት ሙሉ የማይወዱትን መማር ምን እንደሆነ ለማሰብ እባካችሁ ጥቂት ጊዜ ስጡ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተማርናት አንዲት ልጅ ነበረች። እዚህ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው። የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ሌሊት ሲመጣ ተነስታ ትቀዳለች፣ ሲጠፋ ጄሪካን ይዛ ደረጃ ትወጣለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የምታወራው ስለ ውሃ ምህንድስና ብቻ ነበር። ቧንቧው ለምን ወደ ላይ መግፋት እንዳቃተው ፊዚክስ መምህሯን መውጫ መግቢያ ታሳጣቸው ነበር። አርባ ምንጭን አንደኛ ምርጫዋ አደረገች፤ አውቃም ነው፣ ዩኒቨርሲቲው በ1979 ዓ.ም. ሲቋቋም የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ነውና። ምርጫው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው አባቷ የምዝገባ ቁጥሯንና የይለፍ ቃሏን ወስደው ሌሊት ቀየሩት። ስሙ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ ቤተሰቡ ደስ አለው።

"ሲቪል ምህንድስና ውስጥስ የውሃ ትምህርት የለም እንዴ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። አለ። እሷም ይህንኑ ተስፋ አድርጋ ሲቪልን መረጠች፤ ቦታው ሞላ። ሦስተኛ ምርጫዋን ነው የምትማረው። ለሴሚስተር እረፍት ስትመጣ ቢሮዬ ገብታ ብዙ ሰዓት ተቀመጠች። "ትምህርቱ አልከበደኝም፤ ግን የሰው ደብተር የማጠና ይመስለኛል" አለችኝ። ውጤቷ ደህና ነው። አባቷም ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያን ሌሊት ለልጃቸው የሚበጃትን ያደረጉ መስሏቸው ነው። እኔ ግን ያ ቅጽ ከተሞላ በኋላ እንደገና ባለመጠየቄ ራሴን እወቅሳለሁ። የዘንድሮው ምክር የተጀመረው በእሷ ምክንያት ነው።

ትምህርት ቤቱ ይህን የሚያደርገው ለማስታወቂያ ነው የተባለውንም ሰምቻለሁ። እባካችሁ ይህን አስቡበት። ለማስታወቂያ ቢሆን ኖሮ ልጆቹን ሁሉ ስም ወዳለው ግቢ ግፉ ባልኩ ነበር። በር ላይ በሚሰቀለው ባነር የሚያምረው እሱ ነው። ልጁ ወዶ የገባበት ዲፓርትመንት ባነር ላይ አይጻፍም።

ስለ መንገዱና ስለ ሰላሙ የምታነሱት ስጋት ላይ አልከራከርም። እኔም ወላጅ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የሚፈልግ ተማሪ አለን፤ ቀልቡ ባሕር ዳር ነው፤ ትምህርቱ እዚያ ዩኒቨርሲቲው ገና ፖሊ ቴክኒክ ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። እናቱ "አሁን እንዴት አድርጌ ልላከው?" ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ያለ ምክንያት ሲኖር ለልጁ በግልጽ ንገሩት፤ ይገባዋል። የማይገባው ምክንያቱ "ሰው ምን ይለናል" ሲሆን ነው። ወጪውም እንዲሁ ነው፤ የወጪ መጋራት ስላለ ምግቡና መኝታው ባይከብዳችሁም የትራንስፖርቱ ከበዳችሁ ካላችሁ እሱም እውነተኛ ምክንያት ነው፤ ደብቃችሁ "ይህ ዲፓርትመንት አይረባም" አትበሉት።

በሌላ በኩል ምን እንደሚፈልግ ገና ያልለየ ልጅ ብዙ ነው። ለእሱ የተሻለውን ዩኒቨርሲቲ ምረጥ እንለዋለን፤ ብዙ ዲፓርትመንት ያለበት ቦታ ገብቶ አይቶ ይወስናል። ጓደኛው ሶፍትዌር ስላለ ብቻ ሶፍትዌር የሚልም አለ፤ እሱንም አማካሪው ሦስት ጊዜ ጠርቶ አነጋግሮታል። ስለዚህ ሁሉንም ልጅ ወደ አንድ አቅጣጫ እየነዳችሁ ነው መባሉ ልክ አይደለም። ደጋግሜ መናገሬን ይቅር በሉኝ፤ ግን ልክ አይደለም።

ከእንግዲህ የሚከተለውን እንድታውቁልን በትሕትና እጠይቃለሁ። ትምህርት ቤቱ የተማሪን ምርጫ በወላጅ ስልክ አይቀይርም። የምዝገባ ቁጥርና የይለፍ ቃል ከተማሪው በቀር ለማንም አንሰጥም፤ ክፍያ የሚፈጽሙት እርስዎ ቢሆኑም። ቅዳሜ የካቲት 28 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ተቀምጦ የሙከራ ቅጹን እንደገና ይሞላል። ቅሬታ ያቀረቡት አሥራ አንዱ ወላጆች ቀድመው እንዲስተናገዱ ተራ ይዤላቸዋለሁ። ቅዳሜ ሥራ ያለባችሁ በሳምንቱ ውስጥ ከ10 ሰዓት በኋላ መምጣት ትችላላችሁ፤ እኔ እስከ 12 ሰዓት ቢሮ አለሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያለ ልጁ የሚመጣን ወላጅ ግን በዚህ ጉዳይ አላነጋግርም።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር