ስለ ልጆቻችን ዓይን፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለትምህርት ቤታችን ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የዓይን ማዝና የሐሙሱን መድኃኒት እደላ ይመለከታል

ባለፈው ሳምንት የአንደኛ ክፍል መምህርት ጠርታኝ ልጆቹን አየሁ። የብዙዎቹ ዓይን ቀልቷል፣ ዓይናር ይዞታል። ዝንብ ሲያርፍባቸው እጃቸውን አንስተው እንኳ አያባርሩም፤ ለምደውታል። ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይታ የዓይን ማዝ፣ ማለትም ትራኮማ ነው ብላናለች። አምጪው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። በዓይን ቆብ ውስጠኛ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ከዓይናርና ከንፍጥ ጋር ይወጣል። ወደ ሌላው ልጅ የሚያደርሰው የልጁ የራሱ ጣት፣ ሦስት ሆነው የሚለብሱት ጋቢ፣ የአንዱን ፊት ጠርጎ ወደ ሌላው የሚያልፈው የነጠላ ጫፍ ነው። እናቶችን መውቀሴ አይደለም፤ እኔንም እናቴ እንዲሁ እየጠረገች ነው ያሳደገችኝ። ዝንቡ ደግሞ ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ይፈለፈላል፣ የልጅ ዓይን ላይ እርጥበት ፍለጋ ይመጣል። ሽንት ቤት ቆፍሩ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ ለዚህም ጭምር ነው።

አንድ ጊዜ መያዝ አያሳውርም። ልጁ ዳነ ሲባል ከወንድሙ መልሶ ሲይዘው፣ ይህም ለዓመታት ሲደጋገም፣ የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይይዛል። ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበውና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል። አያቴ ደጃፍ ተቀምጣ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል አስታውሳለሁ። በመጨረሻ እጇን ይዤ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነበርኩ። በዚህ በሽታ ሴቶች ከወንዶች እስከ 4 እጥፍ ይታወራሉ፤ ከሕፃናት ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

ሐሙስ ጠዋት በትምህርት ቤታችን ግቢ ባክቴሪያውን የሚገድለው አዚትሮማይሲን የተባለ መድኃኒት ይታደላል። መጠኑ የሚወሰነው በቁመት ነው፤ ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይሰጣል። እባካችሁ፣ ዓይኑ ደህና የሚመስለውንም አምጡት፤ ምልክት ሳይታይበት ባክቴሪያውን የያዘ ልጅ አለ። በተለይ ከብት የሚጠብቀውን ልጅ አደራ። እሱ ከቀረ ማታ ከታናናሾቹ ጋር ሲተኛ በሽታው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ጠዋት ፊታቸውን አጥባችሁ ላኩልን። ሳሙና ባይኖር በውሃ ብቻም ይሁን፤ ዋናው ዓይናርና ንፍጡ መልቀቁ ነው። ውሃ ላጣ ልጅ በየክፍሉ በር ጄሪካን ሰቅለናል። ዓይኑ የቀላ ልጅ ግን ከትምህርት አይቅር።

ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ የተቀለበሰ አያቶች ቤታችሁ ካሉ ለክፍል ኃላፊው መምህር ንገሩ። ቆቡን አደንዝዞ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ስላለ ወደ ጤና ጣቢያው እንድንልካቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር