ጉዳዩ፦ ከአውሮፕላን ደረጃ ላይ ወድቀው ስለሞቱት እናታችን እና እስካሁን መልስ ስላጣው የካሳ ጥያቄያችን

ለአየር መንገዱ የደንበኞች ቅሬታና ካሳ ክፍል፣

እናታችን ከአውሮፕላናችሁ ሲወርዱ ደረጃ ላይ ወድቀው፣ በዚያው ጉዳት ሞተዋል። ካሳ ጠየቅን። የላካችሁልን ደብዳቤ ግን በአንድ እጁ ሐዘን እየገለጸ በሌላው የሚገፋ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው።

ትኬቱ ሲቆረጥ ዊልቸር ጠይቀናል። እናታችን ጉልበታቸውን በጣም ያማቸው ስለነበር የተመዘገበው ኮድ ደብሊው ሲ ኤች ኤስ ነው። ይህን ኮድ ከእኔ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። መጨረሻው አር ቢሆን ተሳፋሪው ረጅም መንገድ መሄድ ያቅተዋል፣ ደረጃ ግን ይችላል ማለት ነው። ኤስ ከሆነ ደረጃ አይችልም። ትኬቱ ላይ ያለው ኤስ ነው፤ ቅጂውን አያይዣለሁ።

አውሮፕላኑ ያረፈው ከተርሚናሉ ራቅ ብሎ ነው። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ተጠጋ። ዝናብ ይጥል ነበር። አብራቸው የነበረችው ታናሽ እህቴ ሊፍት ያለው መኪና እስኪመጣ እንጠብቅ ብላ ለአስተናጋጇ ነግራለች። «እሱ ይቆያል፤ ዊልቸሩ ታች መጥቷል፣ እማማ ቀስ ብለው ይውረዱ» ተባለች። እውነትም ዊልቸሩ ታች ቆሟል። ደረጃ ለማይችል ሰው ዊልቸሩን ደረጃው ሥር ማቆም ምን የሚሉት አገልግሎት ነው? እናቴ በቀኝ እጃቸው ብረቱን፣ በግራቸው እህቴን ይዘው መውረድ ጀመሩ። መሬት ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው እርጥቡ ብረት አዳለጣቸው፤ ጭንቅላታቸው ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ሆስፒታል ሲደርሱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ አልተረፉም። የሞት ማስረጃው ምክንያቱን «በመውደቅ የደረሰ የጭንቅላት ጉዳት» ይለዋል።

የእናንተ ደብዳቤ ደግሞ «ሟች ደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዱ ስለነበር ሞታቸው ከቀድሞ የጤና ሁኔታቸው ጋር የተያያዘ ነው» ይላል። መድኃኒት ሰውን ከደረጃ አይጥልም። መድማቱን አያባብሰውም አልልም፤ ሐኪሞቹም ነግረውናል። ነገር ግን ባይወድቁ የሚፈስ ደም አልነበረም። እነዚህን ክኒኖች እየዋጡ በሰላም ወጥተው የሚገቡ አዛውንቶች ሞልተዋል፤ በየቀኑም ታሳፍሯቸዋላችሁ።

ጉዞው ዓለም አቀፍ ስለነበር ጉዳዩ የሚዳኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በተፈረመው የሞንትሪያል ኮንቬንሽን፣ ማለትም አየር መንገዶች ለተሳፋሪ ያለባቸውን ተጠያቂነት በሚወስነው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ይህን የትኬቱ የውል ቃል ላይ የጻፋችሁት እናንተው ናችሁ። አንቀጽ 17 ተሳፋሪው አውሮፕላን ውስጥ፣ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ በደረሰ አደጋ ከሞተ አጓጓዡን ተጠያቂ ያደርጋል። «መደናቀፍ አደጋ አይባልም» የሚለውን ክርክራችሁን አይቼዋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በትክክል እንዲህ ያለ ነገር ቀርቦለት ነበር። አንዲት ተሳፋሪ ስትወርድ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ወድቃ ተጎዳች፤ ለምን እንደወደቀች ግን አልታወቀም። ፍርድ ቤቱ አየር መንገዱ የጥንቃቄ ግዴታውን ባይጥስ እንኳ ይህ አደጋ ነው አለ። ያ ፍርድ ቤት እኛን አያስገድድም ትሉ ይሆናል። ይሁን። የእኛ ጉዳይ ግን ከዚያም የባሰ ነው፤ ለምን እንደወደቁ ይታወቃል፣ እንዳይወርዱም ቀድሞ ተነግሯችሁ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የመሬት አገልግሎቱን የሚሰጠው ሌላ ድርጅት ስለሆነ እሱን ጠይቁ ብላችኋል። እኛ ትኬት የገዛነው ከእናንተ ነው። ጥፋቱ የእነሱ ነው የምትሉ ከሆነ አንቀጽ 37 የከፈላችሁትን ከእነሱ የመጠየቅ መብታችሁን ጠብቆላችኋል። እዚያው ተነጋገሩ፤ እኛን መሀል አታስገቡን።

በጣም ያስቆጣን ግን ከደብዳቤው ጋር አብሮ የመጣው ወረቀት ነው። «በሰብዓዊነት» የምትሰጡት አነስተኛ ገንዘብ አለ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ ወራሾች ከእንግዲህ በአየር መንገዱም፣ በሠራተኞቹም፣ በመድን ሰጪውም ላይ ምንም ዓይነት ጥያቄ እንደማያነሱ የሚያስፈርም አንቀጽ አለ። ወረቀቱ የደረሰን ገና የሆስፒታሉን ቀሪ ሂሳብ ለመክፈል በምንሯሯጥበት ሰዓት ነው። ከልብ ለመርዳት ቢሆን ኖሮ መንገዱ ነበረላችሁ። ኮንቬንሽኑ አንቀጽ 28 ላይ ስለ ቅድሚያ ክፍያ ይናገራል። ያንን መክፈል ጥፋትን ማመን አይሆንም፤ በኋላም ከካሳው ላይ ይቀነስላችኋል። ማንንም ማስፈረም አያስፈልገውም ነበር። ወረቀቱን ሳንፈርም መልሰናል።

የካሳ ባለሙያችሁ በስልክ ለእህቴ ያላት ነገርም አለ። «እናታችሁ ደመወዝተኛ አልነበሩም፤ እንግዲህ የተቋረጠ ገቢ የለም» ብሏታል። እህቴ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ሁለት ልጆቿን አብልተው የሚያስተኙ፣ ጠዋት ቀስቅሰው ትምህርት ቤት የሚልኩ እናቴ ነበሩ። አሁን ለዚያ ሥራ ሰው ቀጥራለች፤ ለሞግዚቷ የምትከፍለውን ደረሰኝ አያይዘናል። ማን ካሳ መጠየቅ እንደሚችልና ጉዳቱ እንዴት እንደሚሰላ ጉዳዩን የሚያየው ፍርድ ቤት ሕግ ይወስነዋል እንጂ በስልክ የሚወሰን አይደለም። ደመወዝ የሌለው ሰው ዋጋ የለውም የሚል ሕግ ግን አላየሁም።

ስለ መጠኑ እንዳንጨቃጨቅ ይህንንም ልበል። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ወዲህ በደረሱ አደጋዎች፣ ለአንድ ተሳፋሪ እስከ 151,880 ኤስ ዲ አር ድረስ ለተረጋገጠ ጉዳት አየር መንገዱ «ጥፋት የለብኝም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ኤስ ዲ አር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሂሳብ መለኪያ ነው። ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ ጥፋተኛ አለመሆናችሁን ማስረዳት የእናንተ ሸክም ነው። ሟች ራሳቸው አጥፍተዋል የምትሉ ከሆነም አስረዱ። አስተናጋጇ ውረዱ ያለቻቸው ሴትዮ ምን ማድረግ ነበረባቸው?

«ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው፣ በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚለው ኢሜይላችሁ በየጊዜው ይመጣል፤ ቃሉ እንኳ አይለወጥም። በአንቀጽ 35 መሠረት አውሮፕላኑ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ካልቀረበ መብታችን ይጠፋል። በኢሜይል ስንጻጻፍ ቆየን ብሎ ቀኑ አይቆምም። ይህን አታውቁም ብዬ አላምንም። ስለዚህ ትዕግሥት አትጠይቁን።

የምንፈልገው ይህ ነው። በአንቀጽ 17 ተጠያቂነታችሁን መቀበል አለመቀበላችሁን፣ የማትቀበሉም ከሆነ ምክንያቱን፣ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁን። የዊልቸር ጥያቄው የተመዘገበበትን፣ የበረራ ሠራተኞቹ ስለ አደጋው ያቀረቡትን ሪፖርት፣ ሊፍት ያለው መኪና ተጠርቶ ከሆነ በስንት ሰዓት እንደተጠራ የሚያሳየውን መዝገብ ላኩልን። የአውሮፕላን ማቆሚያው ካሜራ የቀዳውም እንዳይጠፋ ከአደጋው በኋላ ወዲያው በጽሑፍ ጠይቀን ነበር፤ መኖሩን ወይም መጥፋቱን አረጋግጡልን። የመድን ሰጪያችሁን ስምና አድራሻም እንፈልጋለን።

ይህ ካልሆነ ክሱን እናቀርባለን። እናታችን ይኖሩበት ወደነበረው አገር ስለምትበሩና ቢሮም ስላላችሁ፣ አንቀጽ 33 እዚያው እንድንከስ ይፈቅድልናል። ጠበቃ ይዘናል፤ የውክልናው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከአሁን በኋላ ለእህቴ አትደውሉላት፤ ስልክ በተደወለ ቁጥር ያንኑ ቀን እንደ አዲስ ታወራለች። የምትሉትን ለጠበቃችን ጻፉ። ስትጽፉም የእናታችንን ስም ትኬቱ ላይ እንዳለው አድርጉት፤ የሐዘን መግለጫችሁ ላይ የሌላ ሰው ስም ነው ያለው።

ከሠላምታ ጋር፣
የሟች የመጀመሪያ ልጅ፣ ስለራሴና ስለ እህቴ

ግልባጭ፦ ለጠበቃችን፣ ለሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የተሳፋሪዎች መብት ክፍል