ኮምፓይለሩ አስቀድሞ ስለሚያሰላው ዋጋ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢያልፍም ያነሣኸው ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ፕሮግራሙ ሲነሣ ራሱ ሊያሰላው የሚችለውን ዋጋ (ቁጥር ወይም ሌላ የስሌት ውጤት)፣ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ፣ አስቀድሞ እንዲያሰላው በቴምፕሌት ሃስኬል (በሃስኬል ቋንቋ ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ ኮድ በሚያስኬደውና በሚያመነጨው ዘዴ) መድከም ምን ይጠቅማል?

ለፍጥነት ብቻ ከሆነ ጥርጣሬህ ተገቢ ነው። መረጃ አለመበላሸቱን ለመፈተሽ የሚያገለግለውን የሲአርሲ-32 ስሌት ሰንጠረዥ ተመልከት። 256 ቁጥሮች አሉት፤ እያንዳንዱም የሚገኘው ከ0 እስከ 255 ካሉት አንዱን ወስዶ 8 ጊዜ በአንድ ቢት ወደ ቀኝ በማንሸራተትና፣ ተገፍቶ የወጣው ቢት 1 በሆነ ቁጥር ከአንድ ቋሚ ቁጥር ጋር ኤክስኦር በማድረግ (ቢቶቹ ሲለያዩ 1፣ ሲመሳሰሉ 0 በመስጠት) ነው። ይህ ለኮምፒውተር ኢምንት ሥራ ነው፤ ሃስኬልም በሞጁል (በአንድ የኮድ ፋይል) ደረጃ የተሰየመን ዋጋ እስኪፈለግ ድረስ አይነካውም፣ አንዴ ካሰላው በኋላም ይይዘዋል። እንዲያውም ረጅም ዝርዝርን ወደ ኮድ መለወጥ ኮምፓይለሩን ያዘገየዋል።

እኔን ያሳመነኝ ስህተት የሚገለጥበት ጊዜ ነው። በኮድህ ውስጥ የጻፍኸው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን (በጽሑፍ ውስጥ የሚፈለግን ቅርጽ የሚገልጽ ቀመር) ቅንፉ ሳይዘጋ ቢቀር፣ በተለመደው መንገድ ጉድለቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ነው፤ ያም ተጠቃሚው እጅ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህን ቀመር የሚመረምረውን ፈንክሽን በስፕላይስ (ኮምፓይለሩ ራሱ አስኪዶ ውጤቱን በቦታው በሚተካው የኮድ ክፍል) ውስጥ ብትጠራው ግን፣ ምርመራው ሳይሳካ ሲቀር «ፌይል» የተባለው የስህተት ትእዛዝ ኮምፓይለሩን ስለሚያስቆመው ፕሮግራሙ ጨርሶ አይወለድም። ሲሳካም የሚደርስህ ዋጋው ራሱ እንጂ «ሜይቢ» (ዋጋ ሊኖረውም ባዶ ሊሆንም የሚችል ዓይነት) ስላልሆነ፣ ባዶ ቢሆንስ እያልህ በየቦታው አትፈትሽም።

ስፕላይስ ውስጥ የምትጠራው ፈንክሽን ከሌላ ሞጁል የመጣ እንዲሆን መገደዱ ብዙዎችን ያናድዳል፤ ነገር ግን የሃስኬል ኮምፓይለር የሆነው ጂኤችሲ ገና ኮምፓይል ያላደረገውን ፈንክሽን እንዴት ያስኬደው? ውጤቱም ተመልሶ ኮድ መሆን የሚችል መሆን አለበት። ቁጥር፣ ጽሑፍና ዝርዝር ዋጋን ወደ ኮድ በሚለውጠው በ«ሊፍት» ይመለሳሉ፤ ፈንክሽን ግን ኮምፓይል ከሆነ በኋላ የተጻፈበት ኮድ አብሮት ስለማይኖር አይመለስም።

ያንተ ፕሮግራም ቋሚዎቹን ከፋይል እንደሚያነብ ጽፈህልኛል። ንባቡን ወደ ኮምፓይል ጊዜ ካመጣኸው፣ ሞጁሉ በፋይሉ ላይ እንደሚመሠረት ለኮምፓይለሩ በሚነግረው በ«አድ ዲፔንደንት ፋይል» ፋይሉን አስመዝግበው፤ አለዚያ ፋይሉ ቢለወጥም ሞጁሉ እንደገና ኮምፓይል ስለማይሆን አሮጌው ዋጋ እንደተቀመጠ ይቀራል። ሞክረውና የሆነውን ጻፍልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ